በቁሟ የተለቀሰላት እናታችን

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለደሴ፣
ሐዋሳ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ እፀገነትስ፣ ልጅህስ ደህና ናቸው? ሥራው እንዴት ይዞሃል? የሐዋሳ አየር ተስማምቶሃል? የትምህርትህን ነገር እንኳ አልጠይቅህም፤ እንዴት እንደቀናህ ዓለም ሁሉ አይቶታል፣ እኛም አይተነዋል። ስለ ጤናህ የምጠይቅህ ግን ከልቤ ነው። እንድትታመም አልፈልግም። ይህን ደብዳቤ ሙሉ ጤና ኖሮህ፣ ቁጭ ብለህ፣ ከላይ እስከ ታች እንድታነበው ነው የምፈልገው።

እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ደብዳቤ እንደዚያ እንደሚጻፍ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ግን ደህና አይደለንም፤ ናፍቆትህም እንደ ድሮው አይደለም። ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስያዛት ትል ይሆናል። ብደውልልህ ድምፄን ቀድተህ፣ ከሥሩ ዋሽንት አስገብተህ፣ ለጓደኞችህ ታሰማብኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው። እውነቴን ነው፣ እየቀለድኩ አይደለም። አንድ ጊዜ አድርገኸዋል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስታውስህ። ነሐሴ ላይ ደወልክልኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ! እኔ ሞኟ፣ ድምፅህ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ፣ ስልኩን ይዤ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ በዝናብ ሮጥኩ። በርቀት የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ከሌላ አገር ተማሪዎች ጋር በቡድን እንደመደበህ፣ በየሳምንቱ በኢንተርኔት እየተያያችሁ እንደምትሠሩ፣ እያንዳንዳችሁም ከሕይወታችሁ አንድ ታሪክ መርጣችሁ በፎቶና በራሳችሁ ድምፅ አጭር ፊልም እንደምታደርጉት ነገርከኝ። የአንተው የእማዬ ስደት እንዲሆን ወስነሃል። ጦርነቱ ሲመጣ በየት በኩል እንደወጣን፣ እማዬ ምን ይዛ እንደነበር፣ የት እንዳደርን፣ ማን ውኃ እንዳጠጣን ጠየቅከኝ። አንተማ አልነበርክ፤ ከየት ታውቀዋለህ? እኔም አንድም ሳላስቀር ነገርኩህ። የዘር ማሽላዋን በመቀነቷ ቋጥራ እንደወጣች፣ ርሃቡ ሲጠናባት እንኳ አንዲት ፍሬ እንዳልቆረጠመችበት፣ ጉልበቷ ሲከዳት በጀርባዬ እንዳዘልኳት፣ ተመልሰን ያንኑ ዘር በዚያው ማሳ ላይ እንደዘራችው ነገርኩህ። እየነገርኩህም አለቀስኩ። አንተ ዝም ብለህ ታዳምጠኝ ነበር። ወንድሜ አዘነልኝ ብዬ ነበር ደሴ። ለካ እየቀዳኸኝ ነው!

ፎቶም ላኪልኝ አልከኝ። እማዬን ልጅሽ ሊያይሽ ነው ብላት ጊዜ የምታደርገውን አጣች። ፀጉሯን ቅቤ ተቀባች፤ የጥምቀት ቀሚሷን ከሳጥን አወጣች፤ ፀሐዩ ላይ በርጩማ አስቀምጠሽ አንሺኝ አለች። ፈገግ በይ ስላት እምቢ አለችኝ። የጥርሴን መውለቅ ካየ እናቴ አረጀች ብሎ ሆዱ ይባባል፣ በሰው አገር ያለ ልጅ ሆዱ መባባት የለበትም አለች። አፏን ገጠም አድርጋ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ፣ አንተን አንተን እያየች ነው የተነሳችው። ግራና ቀኝ ሻማ አብርተህ የቀበርካት በዚያ ፎቶ ነው።

አሁን ደግሞ የማታውቀውን ልንገርህ። ጋዝጊብላ የሚሠራ የሻምበል የሚባል የጤና ባለሙያ አለ። የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ በሥራ ተመድቦ ነው የመጣው። እሱም ያንኑ ያንተን የርቀት ትምህርት በሌላ ቡድን ይማራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኔትወርክ ፍለጋ ሰቆጣ ይወጣል። ኅዳር ላይ ትምህርት ቤታችሁ ምርጥ ብሎ ያወጣውን ፊልም ሲከፍት ሰቆጣ የሚል ሰማ። ደስ አለው፤ ስልኩ ላይ ጭኖት ወደ ሥራው ተመለሰ። አክስታችን ደመቀች የግፊት መድኃኒቷን ልትወስድ ጤና ጣቢያ ብቅ ስትል፣ ዘመዶቿ በሰቆጣ ዙሪያ እንደሆኑ ያውቃልና፣ እነዚህን ሰዎች ያውቋቸው ይሆን እናቴ ብሎ አሳያት። የገዛ እህቷ ናት፣ በሻማ መካከል። ልጁ ምን ይላል ብላ ጠየቀችው። አንተ በእንግሊዝኛ ያልከውን እሱ በአማርኛ መለሰላት። እናቴ ከስደት ተመለሰች፤ በመቀነቷ የተረፈውን ዘር ዘራች፤ ሳታጭደው ግን ባለፈው ክረምት በቤቷ ደጃፍ አረፈች፤ እኔም አልቀበርኳት፤ ትላለህ። እዚያ ላይ ድምፅህ ይቆረጥና ታለቅሳለህ። ለቅሶህን የሚተረጉምላት አላስፈለጋትም፤ አዝላ ያሳደገችህ አክስትህ ናት።

ደውላ ብትጠይቅ ኖሮ ትል ይሆናል። ተው እንጂ፣ ሐዋሳ ይህን ያህል አስረሳህ? የሰው ሞት በስልክ ይጠየቃል? ቢጠየቅስ ምን ይባላል? መርዶ ሲደበቅ እኮ ደህና ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዟት ነው እንጂ ነው የሚባለው። አክስታችን ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ታማ ተኝታ ነበር። እና ነገሩን ስታገጣጥመው ሁሉም ልክ መጣላት፦ በሽታዋ ይብስባታል ብለው ደበቁኝ፤ ፊቷን ሳላያት አፈር አለበሷት። ብትደውልና እማዬ ራሷ ስልኩን ብታነሳው እንኳ፣ ድምፅ አመሳስለው አታለሉኝ ሳትል አትቀርም ነበር። ከሁሉም በላይ፣ ልጅ በገዛ እናቱ ሞት ይዋሻል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚህ አገር የለም። አልነበረም ማለቴ ነው።

ዘመድ አሰባስባ በእግሯ ተነሳች፤ የሻምበልም የሟች ልጅ የትምህርት ጓደኛ ነኝ ብሎ ተከተላቸው። አቅራቢያችን ካለ ዘመድ ቤት አደሩና ጎህ ሲቀድ ወደ እኛ መጡ። እማዬ ፍየሎቹን ልታወጣ ተነስታ ከግቢያችን የድንጋይ ደረጃ አናት ላይ ቆማለች። ቁልቁል ስታይ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያገለደሙ ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ እየመጡ ነው። ከፊት የምትመራቸው የገዛ እህቷ ናት፤ በዚያ ሰዓት፣ ከጋዝጊብላ ድረስ። አንተው ፍረድ። መርዶ ነጋሪ የሚመጣው እንዴት ነው? እማዬ ደግሞ ከአጠገቧ የራቀ ልጅ ከአንተ በቀር የላትም።

ማንም አፉን ሳይከፍት ስምህን ጠርታ ጮኸች። አክስታችን ሞታለች ብላ ልታለቅስላት የመጣችላት እህቷ ቆማ ስትጮህ ስታይ ክው አለችና እሷም ጮኸች። ያንን ጩኸት እማዬ ለመርዶው ማረጋገጫ አደረገችው። ሁለት እህትማማቾች እየተያዩ ጮኹ፤ አንዷ ላንተ፣ አንዷ ለእሷ፤ የሞተ ሰው ግን በመካከላቸው አልነበረም። ከዚያ እማዬ፣ ልጁ የሞተበት ሰው እንደሚያደርገው፣ ራሷን ወደ መሬት ወረወረች። ከፊቷ ያለው ግን ደረጃው ነበር።

ዳሌዋ ነው የተሰበረው። እኔና ባለቤቴ ጸሐዩ ደርሰን ስናነሳት ስለ ዳሌዋ ትንፍሽ አላለችም፤ ልጄን የት ቀበሩት፣ ማን አጠበልኝ፣ እያለች ነው የምትጠይቀን። የሻምበል ነው ስልኩን አውጥቶ አጠገቧ የተንበረከከው። እናቴ፣ ልጅዎ አልሞቱም፤ ይህ ድምፅ የእሳቸው አይደለም ወይ አላት። አዳመጠች። እሱ ነው አለች። ታዲያ የመጣችሁት ለማን ነው፣ ማን ሞቶ ነው ብላ ጠየቀች። አክስታችን ናት አንቺ ነሽ የሞትሽው እቴ፣ እንደሞትሽ አድርጎ አውርቶ ነው ብላ የነገረቻት። ምን እንዳደረገች ልንገርህ? ሳቀች። እግሯ በማይሆን አቅጣጫ ተጣሞ እየተንጠለጠለ ሳቀች። ተመስገን፣ እሱ ይኑርልኝ እንጂ እኔን መቶ ጊዜ ይግደለኝ አለች። ደሴ፣ ያንን ሳቅ ከሰማሁ ወዲህ እኔ በደንብ ተኝቼ አላውቅም።

ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ቀዶ ሕክምናው እዚህ ስለማይሠራ ባሕር ዳር መሄድ አለባት አሉ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል፤ እሷም በመኪና እየተንገላታሁ በሰው አገር አልሞትም ብላ ድርቅ አለች። ቤቷ መለስናት። ወጌሻም አየት አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። አሁን ጀርባዋ መቁሰል ጀምሯል። የንስሐ አባቷ አባ ምሳው ባለፈው እሑድ መጥተው አቁርበዋታል። እሳቸው ለማን እንደሚቸኩሉ ታውቃለህ።

ማሽላዋን ጎረቤት በደቦ አጨደላት። ሳታጭደው ያልከው ነገር፣ ይኸው፣ እውነት ሆነልህ።

የሻምበል ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን መጣ። እማዬ አንተ ምን አጠፋህ ብላ ከትከሻው አስወረደችው። ከዚያ ወዲህ ባገኘው ጊዜ ሁሉ እየመጣ ቁስሏን ያጥብላታል። እሱን ይዤ ነው የጉዱን ሥር የመረመርኩት። በመጀመሪያ ያቀረብከው ሌላ ፊልም እንደነበር፣ ለተማሪ ሁሉ ክፍት በሆነው ገጽ ላይ አሁንም እንዳለ፣ ጓደኞችህ ከሥሩ የጻፉልህም እንዳለ አሳየኝ። እሱንም አየሁት። ቆንጆ ነበር፤ አልዋሽህም። በመጀመሪያው እማዬ ቤቷ ትገባለች፤ ዘሯን ትዘራለች፤ የጎረቤት በሬ ማሳዬን ረገጠ ብላ ትጣላለች፤ አለቀ። ሳቅኩ እንኳ፤ ቁርጥ እሷን። ከሥሩ የፊንላንዷ ልጅ ደስ ይላል፣ ግን ልብ አይነካም ብላለች። የፊሊፒንሱ ልጅ ደግሞ ነገሩ የሚገለበጥበት ቦታ የት አለ ብሎ ጠይቋል። አስተማሪያችሁም እስኪ ጠለቅ በልበት ብላሃለች። ማንም ግደላት አላለህም ደሴ። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ሰዎቹ ያላቸው ትንሽ ቀዘቀዘ ነው፤ አንተ ለማሞቅ እናትህን አነደድካት።

በሁለተኛው ሁሉም አለቀሱ። ከሥሩ ልብ የሚመስል ቀይ ነገር ተደርድሯል፤ ተማሪው ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎሃል። የፊንላንዷ ልጅማ በከተማዋ መናፈሻ በእማዬ ስም ዛፍ ተክላ ፎቶውን ለጥፋለች። ለእማዬ አሳየኋት። አተኩራ አየችና ውኃ የሚያጠጣው ማን ነው ብላ ጠየቀች። ከሰማይ በረዶ ይወርድበታል ስላት ለችግኙ አዘነችለት። ከዚህ ቤት እስካሁን ለችግኙም፣ ለልጅቱም፣ ላንተም እያዘነች ያለችው እሷ ብቻ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ የራሴ ነው፣ ልንገርህና ይውጣልኝ። በፊልምህ ውስጥ እኔ የለሁም። እናቴን በጀርባዬ አዘልኳት ትላለህ። እኔ፣ ትላለህ! የሻምበል ሲተረጉምልኝ እንደገና በለው አልኩት፤ እንደገናም ያው ነው። በጀርባዬ ነው እኮ የነበረችው። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ነበር። አንተ ያን ጊዜ ሐዋሳ ሻይህን እየጠጣህ ኔትወርክ የለም እያልክ ነበር። እናቴን ገደልክብኝ፣ እኔን ደግሞ ጭራሽ ከመወለድ ከለከልከኝ። አርፎ መሞትማ የወግ ነው።

ጓደኞችህ የሚገለበጥበት ቦታ ጠይቀውህ አልነበር? እንግዲህ አሁን አገኘህላቸው። ደረጃው አለልህ፣ አክስትህ አለችልህ፣ የተሰበረ ዳሌ አለልህ። ይህን ብታቀርብላቸው ከመጀመሪያውም ከሁለተኛውም የበለጠ ያለቅሱልሃል። ፎቶ ግን አልልክልህም።

ይህን ሁሉ እንደምጽፍልህ እማዬ አታውቅም። መሰበሯን እንዳትነግሪው ብላ አስምላኛለች፤ ትምህርቱን ትቶ ይመጣል፣ ከጓደኞቹ ያንሳል ብላ። መሐላዬን አፈረስኩ፤ እሱን እኔ ከአባ ምሳው ጋር እጨርሰዋለሁ። ና አልልህም፤ ቅርም አልልህም። ብትመጣ ግን ስልክህን ከደጅ ትተህ ነው የምትገባው።

ከምነግርህ ሁሉ የከፋው ይኸኛው ነው። የሻምበል ፊልምህን እኔ ስልክ ላይ ጭኖልኛል። እማዬ ቀን ቀን አምጪው ትለኛለች። ፎቶውን አታየውም፤ ስልኩን በግንባሩ ደረቷ ላይ ትደፋውና ድምፅህን ታዳምጣለች። ለእሷ እንኳን እንግሊዝኛው አማርኛውም ከኽምጥኛዋ በኋላ የመጣ ነው፤ የምትለውን አንዱንም አትሰማውም። የምታውቀው የት ጋ እንደምታለቅስ ብቻ ነው። እዚያ ሊደርስ ሲል እኔ ላጠፋው እጄን እሰዳለሁ፤ እሷ እጄን ትይዘኛለች። ተይው፣ አሁን ሊያለቅስልኝ ነው ትለኛለች። ስንት ጊዜ ሳትደውልላት የኖርከው ልጅ፣ ይኸው ስትሞት ጊዜ በየቀኑ ታናግራታለህ።

በል እንግዲህ ሰላምታውን ልጨርስ። ለእፀገነት እንደምን አለሽ በልልኝ፤ እሷ የምታውቀው ነገር እንዳለ አላውቅምና ቂም አልያዝኩባትም። ልጅህን ሳምልኝ፤ አያትሽ አለች በላት፣ ገና አለች በላት። ጸሐዩ ሰላም ብሎሃል፤ ከእኔ የተሻለ ሰው ነው፣ ታውቀዋለህ። ልጆቼ አጎታችን ደህና ነው ወይ ብለውሃል፤ ደህና ነው ብያቸዋለሁ። የሻምበል በትምህርታችሁ እንደማይቀጥል ንገሪው ብሎኛል። አክስታችን ደመቀች ወደ ጋዝጊብላ አልተመለሰችም፤ የመጣሁበትን ለቅሶ ሳልጨርስ አልሄድም ብላ ከአልጋው ሥር ተቀምጣለች። ስምህ ሲነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ ስለዚህ ከእሷ ሰላምታ የለህም።

እማዬ ግን ልካብሃለች። አሁን ስጽፍ አይታኝ ለማን ነው አለችኝ፤ ለደሴ ነው አልኳት። እንግዲያው ከእኔ ይህን ብቻ ጨምሪልኝ አለች፤ እንዳለችው ነው የምጽፍልህ። ለእነዚያ ለሩቅ አገር ጓደኞቹ፣ ለዚያችም ዛፍ ለተከለችው ልጅ፣ እናቴ አልሞተችም ብሎ እንዳይነግራቸው። ልጄን ውሸታም ይሉብኛል። ትንሽ ብቻ ዝም ይበል፤ እኔም ብዙ አልቆይበትም።

እህትህ ሰርካለም
ሰቆጣ ዙሪያ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.